በወረርሽኝ ጊዜ መንገድ ለምን ይዘጋል?

በወልቂጤና በቡታጅራ፣ በከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ረዘም ያለ ቃል ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ቃሉ «ወረርሽኝ» ይባላል።

ወረርሽኝ ማለት ባጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ከቤት ወደ ቤት፣ ከአገር ወደ አገር ይዛመታል። «ወረረ» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ጠላት አገር ይወራል። በሽታም እንዲሁ ይወራል።

ወረርሽኝ ሲገባ መንግሥት ብዙ ነገር ይከለክላል። መኪና አይሂድ ይላል። ሰው አይሰብሰብ ይላል። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ይህ ለምን ይሆናል? መቼ ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል? እስቲ ታሪክን እንጠይቅ።

የኅዳር በሽታ

በ1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ አንድ ከባድ ጉንፋን ተነሣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ወታደሩ በመርከብና በባቡር ከአገር ወደ አገር ይጓዝ ነበር። በሽታውም አብሮ ተጓዘ። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

በሽታው አዲስ አበባን ክፉኛ የመታት በኅዳር ወር ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» አሉት። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ድነዋል። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፣ በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ሞተ ተናግረዋል። የከተማዋ ሕዝብ የዛሬውን ያህል አልነበረም። ስለዚህ 10 ሺህ ሰው ማለት ከየሰፈሩ፣ ከየቤቱ ማለት ነው። በዚያን ጊዜም ከጉራጌ አገር ሄደው በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር።

ልብ በሉ! ያኔ በአገራችን ሬዲዮ አልነበረም። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ እንኳ በዓለም ላይ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ሕዝቡ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከዐዋጅ በፊት በሽታው ራሱ ከተማዋን ዘጋት። የሚነግድ ታመመ። የሚያስታምም ታመመ። የሚቀብር ጠፋ።

ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ ቤትና ደጅ ይጠረጋል፤ ቆሻሻ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። ጭሱ የጉንፋን በሽታን አያጠፋም። ቢሆንም ያ ክፉ ጊዜ እንዳይረሳ ልማዱ ጠብቆልናል።

ሁለት ከተሞች

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ፊላዴልፊያ የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። በሽታው ገብቶ ሳለ፣ መስከረም 18 ቀን 1911 ዓ.ም. በከተማዋ ትልቅ የሰልፍ ትርዒት ተደረገ። 200 ሺህ ያህል ሕዝብ በመንገድ ላይ ተጨናንቆ ተመለከተ። ቀናት ሳይቆዩ ሐኪም ቤቶች በበሽተኛ ተሞሉ።

ሴንት ሉዊስ የምትባለው ሌላዋ ከተማ ግን በሽታው እንደ ታየ ፈጥና ትምህርት ቤቱን፣ ቲያትር ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋች። ስብሰባ ከለከለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሕዝቧ ብዛት አንጻር የሞተባት ሰው ከፊላዴልፊያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ስብሰባ መከልከል የሚጠቅመው በጊዜው ሲደረግ ነው። ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ቦይ ቢቆፍሩ ምን ይሆናል?

ፈንጣጣ እንዴት ጠፋ?

አሁን ሌላ በሽታ እንይ። ፈንጣጣን ታላላቆቻችሁ ያውቁታል። ብዙ ሰው ገድሏል፤ የዳነውንም ፊቱን አበላሽቷል። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ ወንዝ እየተሻገሩ፣ በሽተኛውን በየመንደሩ ፈለጉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አንድ በሽተኛ ሲገኝ ከሰው እንዲለይ ይደረጋል። ከዚያ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ይከተባሉ። በሽታው የሚሄድበት አዲስ ሰው ያጣል፤ እዚያው ያልቃል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ።

አያችሁ? እዚህ ላይ አገር ሁሉ አልተዘጋም። ለጊዜው የተዘጋው የአንድ በሽተኛ ቤት ነው። ለምን? በሽተኛው ማን እንደሆነ ስለ ታወቀ ነው። የፈንጣጣ ምልክት በፊት ላይ ይታያል። ክትባትም ነበረ። ሰውም «እዚህ ቤት በሽተኛ አለ» ብሎ ሳይደብቅ ተናገረ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሽታው በታወቀ መጠን የሚዘጋው በር እያነሰ ይሄዳል።

ኮሮና የመጣ ጊዜ

ወደ ቅርቡ ጊዜ እንምጣ። የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በመላ አገሪቱ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ቀረ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሰው ሞተ። መጋቢት 30 ቀን መንግሥት የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጣ። ሚያዝያ 2 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው።

ክልከላው ብዙ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። ሰውና ሰው በሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ ታዘዘ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ። የሕዝብ መኪና በግማሽ እንዲጭን ተባለ። ዐዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ሊፈረድበት ይችል ነበር። በሌላ በኩል ዐዋጁ ደካማውን የሚጠብቅ ነገርም ነበረው። የቤት አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር አዘዘ።

ታዲያ ለምን እንደ ፈንጣጣው በሽተኛውን ብቻ ለይተው አልተዉትም? ኮሮና በፊት ላይ ምልክት የለውም። ሰው ሳያመው፣ ሳያስለው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽታው አዲስ ነበር። ክትባት አልነበረም። መመርመሪያውም ጥቂት ነበር። የታመመውን ለይቶ ማወቅ ስላልተቻለ ሁሉም ሰው እንደ ታመመ ተቆጥሮ እንዲራራቅ ሆነ። የመዝጋቱ ምክንያት ይህ ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው ላይ። ሁለቱም ከተሞች ኑሯቸው ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። የጉራጌ ሰው አንድ እግሩ በእንሰቱ ጓሮ፣ አንድ እግሩ በአዲስ አበባ ገበያ ነው። ለዚህም ነው በ1950ዎቹ ዓመታት የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ የሚሠራ ማኅበር ያቋቋሙት። መንገዱ የተሠራው በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በወዛደሩና በነጋዴው ኪስም ጭምር ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ኦሮሚያን ጨምሮ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱ ከተሞች የሚወስደው መንገድ ደግሞ በኦሮሚያ ያልፋል። አያት አባቱ አዋጥተው ያሠሩት መንገድ ተዘጋበት ማለት ነው። በኋላ መኪናው ሲፈቀድም ግማሽ ሰው ስለሚጫን ሂሳቡ ከበደ። ሠርቶ አዳሪው ላይ፣ ሊስትሮው ላይ፣ ሱቅ በደረቴው ላይ ሸክሙ ወደቀ። የወር ደመወዝ ያለው ቤቱ ተቀምጦ ይበላል። የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝ ግን እንዴት ይሁን? መንግሥትም ይህን በማየት፣ እንደ አንዳንድ አገሮች ሰውን ሁሉ ከቤት አትውጡ ብሎ ሙሉ በሙሉ አልዘጋም።

የሃይማኖት በዓላትም በዚሁ ላይ ገቡ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። የረመዳን ጾም ሚያዝያ 16 ተያዘ። ክርስቲያኑ ቅዳሴውን፣ ሙስሊሙ የተራዊሕ ሶላቱን በየቤቱ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ፣ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ብቻ አሳለፈ።

ከሁሉ የከበደው ግን ለቅሶ ነው። በጉራጌ መንደር መካከል ሰፊው ጀፎረ አለ። ሠርጉም፣ ሽምግልናውም፣ ሐዘኑም በጀፎረው ላይ ነው። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ቡና አፍልቶ፣ ቆጮ ይዞ ይመጣል። በእኛ ባህል ለቅሶ አለመድረስ ትልቅ ነውር ነው። ዐዋጁ ግን «አትድረስ፣ መራቅህ ፍቅር ነው» አለ። ይህን ለመቀበል ቀላል አልነበረም። ብዙ ሰው በስልክ አጽናና። ብዙ ሰውም ዐዋጁን አልፎ ድንኳን ገባ። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ከበሽታው የባሰ መስሎት ነው። ይህን ሰው ሕግ ጣሰ ብቻ ብለን እንለፈው? አንችልም። ሕግ ሲወጣ የሕዝቡን ልብ ካላገኘ፣ ፖሊስ ብቻውን ሊያስከብረው አይችልም።

ሕጉ ራሱ ልክ አለው

አሁን አንድ ትልቅ ነገር ላስረዳችሁ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 የሚባል አለ። የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። ክልሎችም እንዲህ ያለ ዐዋጅ ማወጅ ይችላሉ። ትግራይ በ2012 ዓ.ም. ከፌዴራሉ ቀድሞ አውጆ ነበር። ነገር ግን አንቀጹ ወሰንም አበጅቷል። ምክር ቤቱ ካጸደቀው በኋላ ዐዋጁ የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው። ማራዘም ካስፈለገ ምክር ቤቱ እንደገና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ መወሰን አለበት። ሰው በዐዋጁ ስም በግፍ እንዳይጎዳ የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል።

ይህ ለምን አስፈለገ? ስብሰባ መከልከል ጤና ይጠብቃል። ግን የሰውን አፍም ሊዘጋ ይችላል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው አገር አቀፍ ምርጫ በበሽታው ምክንያት ተራዘመ። ከዚያ የተነሣ በአገሪቱ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ምርጫው የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ክልከላ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። ሲበዛ ይመርዛል፤ ሲዘገይ አያድንም።

የአምስት ወሩ ዐዋጅ 2012 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አበቃ። ጥንቃቄው ግን በመመሪያ ቀጠለ። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. በየተራ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገራችን ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የዓለም አቀፉን አስቸኳይ ጊዜ ማብቃት አስታወቀ። በኢትዮጵያ በምርመራ ተረጋግጦ በኮሮና የሞተው ሰው ከ7,500 በላይ ነው።

ማንበብ ለምን ይጠቅማል?

በቡታጅራ አካባቢ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ትልቅ የጤና ጥናት ተካሂዷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው ነው። በተመረጡ ዐሥር ቀበሌዎች ውስጥ የተወለደው፣ የሞተው፣ የገባውና የወጣው ሰው በየቤቱ እየተጠየቀ ተመዘገበ። የጥናቱ ሠራተኛ ደጃችሁ መጥቶ ሲጠይቅ ዋዛ መስሏችሁ ይሆናል። ዋዛ አይደለም። የሞተው የማይቆጠርበት አገር በሽታው መግባቱን የሚያውቀው መቃብሩ ሲሞላ ነው። የሚቆጥር አገር ግን ቀድሞ ያውቃል፤ አንዱን ቤት ለይቶ ሌላውን ክፍት ይተዋል።

እናንተም አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ ነገ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ ሌላ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ቀርባችሁ አንብቡ። ስታነቡም እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1. ማን አወጣው? ማኅተም አለው?

2. ምን ይከለክላል? ምንስ ይፈቅዳል?

3. ከመቼ እስከ መቼ ነው?

4. በዚህ የተነሣ ጦሙን የሚያድር ጎረቤት ማን ነው? እድራችን ምን ሊያደርግለት ይችላል?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከወረቀቱ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። አራተኛው በወረቀቱ ላይ የለም። እሱን ከጀፎረው ዳር ካሉት ቤቶች ታነባላችሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ እስክንገናኝ፣ «ወረርሽኝ»፣ «ዐዋጅ»፣ «ክትባት» የሚሉትን ሦስት ቃላት በደብተራችሁ ጽፋችሁ ቆዩኝ።