ስለ ማዘርቦርድ ባዶ ሶኬቶች

ስሙን ከኢጣሊያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት በወረሰው በሲኤምሲ ሠፈር፣ በመኖሪያ ቤቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ለቅሜ ያመጣሁት የመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ተቀምጧል። ፕሮሰሰሩ በ4.77 ሜጋኸርዝ መሥራቱ ዛሬ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ የሰሌዳው ንድፍ ግን የሚያሥቅ አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን በሰሌዳው ላይ የነበረው ሚሞሪ 16 ኪሎባይት ነበር። ይኸውም በሶኬት ላይ ቺፕ በመሰካት እስከ 64 ኪሎባይት ሊያድግ ይችል ነበር። ከፕሮሰሰሩ ጎን ለ8087 የስሌት ረዳት የተተወ ባዶ ሶኬት አለ፤ በአንድ ጠርዝ በኩልም ለተጨማሪ ካርዶች አምስት መሰኪያዎች ተደርድረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ኩባንያው የኤሌክትሪክ ንድፉን በቴክኒክ መጽሐፉ አትሞ ለገዢው ማቅረቡ ነው። ስለዚህም ሰሌዳውን ያልሠራ ሰው ሊጠግነው፣ ሌላ ፋብሪካም የሚስማማውን ካርድ ሊሠራለት ቻለ።

ለእኛ ፊደል ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የጽሑፍ ምልክቶቹ ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና፣ ለላቲን ፊደል፣ ለአኃዝና ለሥርዓተ ነጥብ የሚተርፈው 25 ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡ የነበረው በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በመሰኪያው ላይ በሚቀመጠው የስክሪን ካርድ ውስጥ ነው። ችግሩ የካርድ ችግር እንጂ የሰሌዳው አልነበረም ማለት ነው።

ጉድለትም አልጠፋበትም። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ስላልነበረው፣ ባለቤቱ ቀኑን ካልነገረው በተከፈተ ቁጥር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ላይ ይገኝ ነበር። ይህ በ1976 ዓ.ም. በወጣው ኤቲ በተባለው ሞዴል ታርሟል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ መሥራቴ ነው። በመመዘኛችን ለፕሮሰሰር ፍጥነትና ለዋጋ ብዙ ነጥብ ሰጠን፤ ለማዘርቦርዱ አንድም አልሰጠንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆና ሳለ፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ መሆኑንና ማራገቢያው በዚያው መጠን እንደሚደክም እንኳ የጠየቀ የለም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። የተገዙት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሚሞሪያቸው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጥቂቶቹ መብራት ብቻ እያሳዩ መነሣት እምቢ አሉ፤ ጠጋኙም ሙሉ ሰሌዳ ካልተለወጠ አይሆንም አለ፤ የሰሌዳው ዋጋ ደግሞ ከአዲስ ኮምፒዩተር ብዙም አያንስም ነበር።

ከተጣሉት አንዱን ወደ ቤቴ ወስጄ መረመርሁት። ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነበር፤ የተበላሸው አንድ የሚሞሪ ቺፕ ብቻ ነው። አሁን ከአሮጌው ሰሌዳ ጎን ተቀምጧል።