ጅራፍ፣ ታንኳ እና የጉለሌው ሣር

ሰሞኑን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሣሩ ላይ የመኪና የውስጥ ጎማ ነፍቼ፣ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ረጅም ዘንግ ሳወዛውዝ ያያችሁኝ አላችሁ። አንዷ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር ደህና ናቸው?» ብላ ለጓደኛዋ ጽፋ፣ ጓደኛዋ ደግሞ ለእኔው ላከችልኝ። ደህና ነኝ። ጥበቃውም መጥቶ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ዓሣ የለም» ብሎኛል። መንጠቆም አልነበረኝም፤ ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ቀይ የሱፍ ቁራጭ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ባሌ፣ ወብ ወንዝ ዳር ቆሜ ስወረውር አላሳፍርም (እዚያ ያለው ትራውት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው)። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ግን የተነፋ ጎማ ውስጥ ተቀምጬ፣ እግሬ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስወረውር ጉድ ሆንኩ። ክሩ ከኋላዬ ውኃውን እየመታ አስቸገረኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ፣ እንደተቀመጥኩ ልለማመድ ብዬ ጉለሌ ወጣሁ።

ቀይ ሱፉም ቢሆን የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የሮማው ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል። ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፣ ክራቸውም ስድስት ጫማ። እንዲህ አጭር ክር ጣል ይደረጋል እንጂ አይወረወርም። ክሩን ወደ ኋላና ወደ ፊት በአየር ላይ እየዘረጉ መወርወር የመጣው ክሩ ሲረዝምና ሲከብድ ነው። ዝንቡ ክብደት የለውማ፤ የሚወረወረው ክሩ ነው።

ይሄን በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲያጮህ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እጅ ድንገት ይቆማል፣ ጉልበቱ በገመዱ ላይ እየተንከባለለ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የእኔም ችግር የመጣው ከዚያው ነው። እኛ ጅራፉን የምናስጮኸው ከኋላ ተዘርግቶ ሳያበቃ ወደ ፊት እየመነጨቅን ነበር። ዝንብ ላይ ከጮኸ ግን ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው። ስንቱን ዝንብ እንደዚህ እንደጨረስኩ ባልቆጥረው ይሻላል።

ሲቀመጡ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቆመ ሰው እጁ ከውኃው ከፍ ስለሚል፣ ከኋላ የሚወድቀው ክር ውኃ እስኪነካ ጊዜ አለው። የተቀመጠ ሰው ያ ጊዜ የለውም። በዚያ ላይ እግሩ መሬት አልረገጠም፤ በትከሻው በኃይል ሲወረውር ጎማው አብሮት ይዞራል። ሣሩ ላይ ሳምንት ሙሉ የታገልኩት ይሄን ነው፦ የዘንጉን ጫፍ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ክሩ በሙሉ እስኪነሣ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያ ማፍጠንና እጅን ጆሮ አጠገብ ቀጥ አድርጎ ማቆም። ያኔ ክሩ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሄዳል። ከዚያ መጠበቅ። መጠበቁ ነው የሚከብደው። ሌላው ደግሞ ሃያ ሜትር የመወርወርን ምኞት ትቶ በአሥር መርካት፤ ዓሣው ከራቀ በእግር ቀዝፎ መጠጋት።

«ቀዝፎ መጠጋት» ስል ነው ባሕር ዳር ትዝ ያለኝ። ከውኃው ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው መረቡን ሩቅ ሲወረውር አላየሁም። በረጅም መቅዘፊያው ይጠጋና፣ ወገቡ ሳይነቃነቅ ከጎኑ ይለቀዋል። እኔ ከፈረንጅ ቪዲዮ ስማር የከረምኩትን የጣና ሰው ስንት ዘመን ኖሮበታል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ዕዳ አለብኝ። ስለ ቶር ሄየርዳል ያስተማርኳችሁን ታስታውሳላችሁ፤ ኖርዌጂያዊው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» በምትባል የደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገር የተነሣው። ጊዛ ፒራሚድ ሥር እንደተሠራች፣ የሠሯትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች እንደነበሩ ነግሬያችኋለሁ። ደንገሉ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኳችሁም። ከጣና ነው! ከእኛው ሐይቅ ታጭዶ፣ ግብፅ ድረስ ተጭኖ የሄደ። እኔ ያኔ ይሄን አንብቤዋለሁ፤ ለፈተና አይመጣም ብዬ ዘለልኩት።

«ራ» ዳር ሳትደርስ ቀረች። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል፤ እሷ ላይ ያ ገመድ አልነበረም። ኋላዋ እየተንጋደደ ውኃ ገባባት። በዓመቱ «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች፤ የሠሯት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። የቻዶቹም የአይማራዎቹም እጅ በመጽሐፍ ተመዝግቧል። ታንኳ በማሰር ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩት የእኛዎቹ ነገደ ወይጦዎች በእኔ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ ቀን አልተነሣም። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ታንኳው ውኃ ስለሚመጥ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፣ ቶሎም ያረጃል፣ እንደገና ይታሰራል። ሙዚየም የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚያስር ሰው ይፈልጋል። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጩ አለ።

ጉለሌ 705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ተክል ይጠበቃል፤ ደስ ይለኛል። ደንገሉን ታንኳ የሚያደርገው እጅ ግን ጣና ዳር ነው ያለው። ባሕር ዳር የምትኖሩ ልጆቼ፣ ታንኳ የሚያስሩ አባት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከጥቅምት በኋላ እመጣለሁ። ጎማውን አልይዝም፤ ጣና ላይ ጉማሬ አለ።