የዝዋይ ደሴቶችና የዛይ ሕዝብ ታሪክ



በኮልፌ አጠና ተራ ስልጤኛና ወለንኛ ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። የእነዚህ ቋንቋዎች እህት የሆነችው ዛይኛ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ እንደምትነገር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሐይቁ ሰው የኖረባቸው አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፈንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። በአባቶች ትውፊት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው ቱሉ ጉዶ ላይ አኑረዋታል። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በነበረው የኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦርነትም ከየብስ የሸሹ ሰዎች እዚያው እንደተጠጉ ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመት በላይ ውሃው አጥር ሆናቸው። ተዳፋቱን በእርከን እያረሱ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሠሩ፣ ለገበያ በታንኳ እየተሻገሩ ኖሩ። የብራና መጻሕፍቶቻቸውንም ጠበቁ።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አካባቢውን ሲይዙ ወደ የብስ መውጣት ቀለለ። ደሴቱ ጠባብ ነውና ብዙዎች መሬት ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወጡ። ከኦሮሞው ወንድማቸው ጋር ተዋለዱ፣ ልጆቻቸውም ኦሮምኛና አማርኛ ለመዱ። የዛይኛ ተናጋሪው ግን እያነሰ መጣ።

እንግዲህ ጦርነት ያልነካው ቋንቋ በሰላሙ ጊዜ ሳሳ ማለት ነው። ውሃ ሰውን ከጠላት ይጋርዳል እንጂ ቋንቋን የሚያቆየው ተናጋሪው ብቻ ነው። ስለዚህ በለቅሶ ድንኳን ስንቀመጥ ካርታውን ጋብ አድርገን አረጋውያኖቻችንን እንጠይቅ፣ የሰማነውንም ለልጆቻችን እናውራ። ዕድራችን ሰውን በክብር ይቀብራል፤ ቋንቋውና ታሪኩ አብሮት እንዳይቀበር ማድረግ ግን የየቤታችን ሥራ ነው።