ድንጋይ ለፈተና፦ የለንደን ሥራ አጦችና የመንግሥት ሥራ

«የእንግሊዝ ሥራ አጥ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን አካፋ ይዞ ለራሽን የተሰለፈ ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ እንግዳ የሚሆንበት ነገር ብዙ አይደለም። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ጤነኛ ሆኖ ሥራ ያጣ ሰው የድሆች ዕርዳታ ለመጠየቅ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ድንጋይ መፍለጥ ወይም አሮጌ የመርከብ ገመድ በጣት እየፈቱ መበተን ነበረ። ጠጠሩ ተፈልጎ አይደለም። ያልተቸገረ ሰው ይህን አይሠራም ተብሎ ስለ ታሰበ ድንጋዩ የችግር መፈተኛ ነበረ። ዕርዳታውን የተቀበለ ሰውም የመምረጥ መብቱን ያጣ ነበረ።

በየካቲት 1886 በለንደን የሥራ አጦች ስብሰባ ወደ ሁከት ተለወጠና የባለጸጎች ክበብ መስተዋት ረገፈ። በወሩ የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትሩ ጆሴፍ ቼምበርሌን ለየአካባቢው ባለ ሥልጣኖች ሰርኩላር አስተላለፈ። ይኸውም ለሥራ አጦች የሚከፈልበት ሥራ እንዲከፍቱ ነው፤ መንገድ ማንጠፍ፣ መናፈሻ መደልደል፣ አዲስ የመቃብር ቦታ ማሰናዳት። ሥራው እንደ ምጽዋት የማያዋርድ ይሁን አለ። ሰውየው ከዚያ በፊት ምንም ሙያ ቢኖረው ሊሠራው የሚችል ይሁን። በሥራ ላይ ካለው ሠራተኛ ጋር አይሻማ። ክፍያውም ከተለመደው ያነሰ ይሁን።

እነዚህን ቃላት አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ሥራው ማንም የሚሠራው ከሆነ ሰዓት ሠሪውም ልብስ ሰፊውም እኩል አካፋ ይይዛሉ፤ ዕድሜያቸውን የለፉበት ሙያ እዚያ ቦታ የለውም። ከማንም ጋር የማይሻማ ከሆነ ደግሞ ማንም ገንዘብ አውጥቶ ሊያሠራው ያልፈለገው ሥራ መሆን አለበት። እንግዲህ ደግነቱ ራሱ ሥራውን ከንቱ አደረገው ማለት ነው። በዚያም ላይ ሥራው የሚከፈተው ችግሩ በሚጠናበት በክረምት ብርድ፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ ዶማ በማይበግረው ጊዜ ነው። ለብዙዎች እንዲዳረስም እየተባለ አንዱ ሰው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ይሠራ ነበረ። ከዚያም ዓይነቱ ሥራ ውድ ሆነ ሲባል «ሥራ አጦች ሰነፎች ናቸው» ተብሎ ይጻፋል! ለዶማው ያልለመደ እጅ በበረዶ ላይ ምን ያህል ሊቆፍር ኖሯል?

በ1905 የባልፎር መንግሥት የሥራ አጥ ሠራተኞች ሕግ አወጣ። ሕጉ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፤ በዚህ ሕግ ሥራ የተሰጠው ሰው የመምረጥ መብቱ አይነካም። ነገር ግን በአካባቢው ቢያንስ 12 ወር ያልኖረ፣ በዚያ ዓመት ከድሆች ዕርዳታ የተቀበለ ሰው አይታይለትም ነበረ። ስንት ልጅ አለህ፣ መጨረሻ ማን ቀጠረህ፣ ለምን ወጣህ ተብሎ በቅጽ ላይ ይመዘገባል። ካርድ ለማስመታት ጠረጴዛ ፊት የቆመ ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ያውቃቸዋል። ሕጉ ከከተማው ግብር ለቢሮ ወጪና ሰውን ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ ሲፈቅድ፣ በከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሥራ ደመወዝ ግን ከበጎ አድራጊዎች መዋጮ ይገኝ አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር የምሥራቅ ለንደን ድሆች ሴቶች በሰልፍ ወደ ባልፎር ሄዱ። በዚያው ወር ንግሥት አሌክሳንድራ የመዋጮ ጥሪ አወጡ።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የተጣለበት የሆልስሊ ቤይ እርሻ ነበረ። ቦታው ቀድሞ የጨዋ ልጆች ወደ ቅኝ አገሮች ለመሄድ ግብርና የሚማሩበት ኮሌጅ ነበረ። ጆሴፍ ፌልስ የሚባል አሜሪካዊ የሳሙና ነጋዴ 1,300 ኤከር ያህል፣ በእኛ 13 ጋሻ የሚሆን መሬት ገዝቶ ለሥራ አጦች እንዲውል አዋሰ። የፖፕላሩ ጆርጅ ላንስበሪ ሐሳቡ ግልጽ ነበረ፤ ሰውየው እርሻ ይማር፣ ከዚያም ቤተሰቡን አምጥቶ በቁራሽ መሬት ላይ ይቀመጥ።

ይህን መፍቀድና መከልከል በጆን በርንስ እጅ ነበረ። በርንስ መካኒክ ነው። በ1886ቱ ሁከት ከተከሰሱት የሥራ አጦች መሪዎች አንዱ ሆኖ በፍርድ ነጻ ወጥቷል፤ በ1889 በወደብ ሠራተኞች አድማ ከፊት ቆሟል። በታኅሣሥ 1905 ቼምበርሌን የነበረበትን ወንበር ያዘ። ከላብ አደር ወጥቶ ካቢኔ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። እርሱ ግን እርሻው የሰፈራ ቦታ እንዳይሆን ከለከለ። ሰው ከ16 ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ከዚያ ወደ ለንደን ይመለሳል። ወዴት? ወደዚያው ሥራ ወደሌለበት ሰፈር።

በርንስን ከሐዲ የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ እንዲህ በቀላሉ አልልም። ለሥራ አጥ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ገንዘብ ያባክናል ማለቱ በመናፈሻውና በመንገዱ ላይ ሐሰት አልነበረም። ግን ከሁሉም ውስጥ ሰውን ወደ አንድ ነገር ሊያደርስ የጀመረውን አንዱን ማሰናከሉ ምን ይባላል? 16 ሳምንት ዘር ዘርቶ ለማጨድ እንኳ አይበቃም።

ቤቨሪጅ የተባለው ወጣት የኮሚቴዎቹን መዝገብ መርምሮ በ1909 መጽሐፍ አወጣ። ወደ ኮሚቴዎቹ ከመጡት አብዛኛው ለጊዜው ከሥራ የወጣ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ወደቡ ተሸካሚ በቀን ሥራ የሚኖር፣ ክረምት ከበጋ ግማሽ ሥራ አጥ የሆነ ሰው ነው። ጉድለቱ በሠራተኛው ጠባይ ላይ ሳይሆን በአቀጣጠሩ ላይ ነው አለ። በየካቲት 1910 የመንግሥት የሥራ ማገናኛ ቢሮዎች ተከፈቱ። በ1911 የመድን ሕግ ወጣ። ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት እንደ እድር ያዋጣሉ፤ ሥራ ያጣ ሰው በዓመት እስከ 15 ሳምንት በሳምንት 7 ሽልንግ ይቀበላል። ድንጋይ ሳይፈልጥ።

መድኑ ግን ሕንፃ፣ መርከብ፣ ማሽንና የመሳሰለውን ለሚሠሩ ሁለት ሚሊዮን ከሩብ ለሚሆኑ ሠራተኞች ነበረ። መዝገቡን የሞላው የወደብ ተሸካሚ እስከ 1920 ድረስ አልገባበትም።