ከካዛንቺስ እስከ ላንጋኖ አሸዋ፤ ልጆች ይዞ ለሚወርድ ቤተሰብ

«ባሕር ዳር እንሂድ» የሚል ልጅ ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ምርጫው ጠባብ ነው። በቀድሞው ዘመን ምፅዋ ወርደው አሸዋ ላይ መዋላቸውን የሚያወሱ ታላላቆች አሉ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። እኛ የካዛንቺስ ልጆች ያደግነው የሂልተንን የመስቀል ቅርጽ ገንዳ ከአጥር ውጭ እያሰብን ነው። (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነበር፤ አብዛኛው ክፍሉ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል።)

በመሆኑም ትናንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የእኔ ምክር ላንጋኖ ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ፣ በኋላም ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ (ዝዋይ) የሚወስደው ክፍል ከተጨመረ ወዲህ ጉዞው ቀሏል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ለቁርስ እዚያ ይደርሳል። የመንገዱን ጸጥታ ግን ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በጨለማም አይጓዙ።

ላንጋኖን ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚለየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሸዋው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ዋናው ከቢልሃርዝያ ነጻ መሆኑ የሚነገርለት መሆኑ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ይገኛሉ። የላንጋኖ ጨዋማና ደፍራሽ ውሃ ግን አይመቻቸውም። ያም ሆኖ ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች በሚገቡበት ረግረጋማ ዳርቻ እኔ ልጆቼን አላስገባም።

የውሃው ቀለም ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ብዙ እንግዳ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ነገሩ ቆሻሻ ሳይሆን የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው፤ ሰውነትንም አይጎዳም። አደጋው ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስድስት ዓመት ልጄ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ትንቦጫረቅ ነበር። ውሃው ከወገቧ አያልፍም። ለታላቋ ፎጣ ላቀብል ዞር ብዬ ስመለስ የለችም። በጠራ ገንዳ ቢሆን አያታለሁ፤ እዚያ ግን ክንድዎን ሲያጠልቁ መዳፍዎ ይጠፋብዎታል። በዳበሳ ነው ፀጉሯን ያገኘሁት። ወድቃ ነበር፤ አስሏት ተረፈች። ያረፍንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) በዚያ ሰዓት የዋና ጠባቂ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ጥብቅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ለአንድ ልጅ፣ ያውም በእጅ በሚያዝ ርቀት። በአየር የሚነፋ ጎማ እንደ መዳኛ አይቆጠርም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ልጁን ይዞት ወደ መሐል ይሄዳል፣ የሐይቁ ጥልቀትም ከ40 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ስለዚህ ዋናው ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ የአሸዋ ቤት ይሠራል። ክፍል ከመያዝዎ በፊት ስልክ ሲደውሉ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ጠባቂው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ይጠይቁ። «አለ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ በቀዝቃዛው ነፋስ ተሸፍኖ ያቃጥላል። ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ፣ ለማታ ደግሞ ሹራብ ይያዙ።

ጊዜ ከተረፈዎት ከመንገዱ ማዶ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እሑድ ሲመለሱ ባቱ ላይ ቆም ብለው የቆሮሶ ጥብስ ይብሉ፤ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ከከተማው ረክሶ ይገኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልተነሱ ግን መሽቶብዎት ነው አዲስ አበባ የሚገቡት።