የደም ሥር ብግነትና የመድኃኒቶቹ ፍተሻ ታሪክ

ግራኑሎማቶሲስ ዊዝ ፖሊአንጃይትስ በብዛት የማይታይ፣ ሳይታከም ከቀረ ግን ገዳይ የሆነ የደም ሥር ብግነት በሽታ ነው። ትናንሽ የደም ሥሮችን በማጥቃት አፍንጫን፣ ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል። በሳንባ ላይ የሚፈጥረው ቁስል የሳንባ ነቀርሳን ስለሚመስል ምርመራውን ያዘገያል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1939 ስለ እርሱ በጻፉት ጀርመናዊ ፓቶሎጂስት በፍሬድሪክ ቬገነር ስም ለረጅም ዘመን ሲጠራ ቆይቷል፤ ሐኪሙ ከናዚ ፓርቲ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ከታወቀ በኋላ ግን የሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2011 ስያሜውን ለውጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በዋልተን የቀረበው ጥናት እንደሚያስረዳው ሕሙማኑ በአማካይ በሕይወት የሚቆዩት 5 ወራት ብቻ ሲሆን፣ 82 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አንቶኒ ፋውቺና ሼልደን ዎልፍ ሳይክሎፎስፋሚድን ከስቴሮይድ ጋር አጣምረው መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ዘገባ ከ85 ሕሙማን 93 በመቶው ሙሉ እፎይታ አግኝተዋል። ገዳዩ በሽታ ታካሚ ሆነ።

ነገር ግን ድሉ ዋጋ ነበረው። በዚያው ተቋም 158 ሕሙማንን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ጥናት፣ እፎይታ ካገኙት ግማሾቹ እንዳገረሸባቸው፣ ከታካሚዎቹም 43 በመቶው በመድኃኒቱ ምክንያት ደም የሚያስሸና የፊኛ ብግነት እንደደረሰባቸው አመለከተ። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ግድ ሆነ።

በቅድሚያ ተስፋ የተጣለው በኢታነርሴፕት ላይ ነበር። በ20 ሕሙማን ላይ ያለ ንጽጽር የተደረገው ሙከራ የሚያበረታታ መስሎ ታየ። ሆኖም 180 ሕሙማንን ያሳተፈውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ንጽጽራዊ ፍተሻ፣ መድኃኒቱ እፎይታውን ለማጽናት ምንም እንዳልረዳ አረጋገጠ። ይባስ ብሎ ስድስት ሰዎች በካንሰር ዕጢ ተያዙ፤ ስድስቱም ኢታነርሴፕት የተሰጣቸው ነበሩ።

ቀጥሎ የተፈተነው ሪቱክሲማብ ነው። 197 ሕሙማን የተሳተፉበት የ2010 ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ስቴሮይድ እፎይታ ላይ የነበሩት በሪቱክሲማብ 64 በመቶ፣ በሳይክሎፎስፋሚድ 53 በመቶ ናቸው። በሽታው ባገረሸባቸው ዘንድ ልዩነቱ ሰፍቶ 67 በመቶ ለ42 በመቶ ሆነ። ይሁን እንጂ ከባድ ጉዳቶች አልቀነሱም።

ጥቂት ሕሙማን ባሉት በሽታ አንድ ማዕከል ብቻውን አስተማማኝ ውጤት ሊያገኝ አይችልም። ሁለቱም ፍተሻዎች የተሳኩት በርካታ ሆስፒታሎች ሕሙማናቸውን በአንድ ሥርዓት በማስመዝገባቸው ነው። ጎጂውን መድኃኒት ከጠቃሚው የለየውም ይኸው ትብብር ነው።