ድር ቢያብር፤ የድረ ገጽ ደንብ አጭር ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ታሪክ ጽፈዋል። እኔ ግን ሰይፍ ያልተመዘዘበትን፥ ነገር ግን የእያንዳንዳችንን ስም የሚነካውን አንድ ታሪክ ለአንባብያን ላቀርብ አስቤአለሁ። ይኸውም ድረ ገጽን የሚያነቡ መሣሪያዎች በአንድ ደንብ ለመተዳደር እንዴት እንደ ተስማሙ የሚናገረው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድረ ገጽ ተሥሎ ያለቀ ሥዕል አይደለም፤ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። «ይህን አርእስት አድርገው፤ ያንን በሳጥን ውስጥ ክተተው» ይላል። ትእዛዙን አንብቦ ገጹን በዓይናችን ፊት የሚያቆመው መሣሪያ ብሮውዘር ይባላል። እንግዲህ ሁለት ብሮውዘሮች አንዱን ትእዛዝ በሁለት መንገድ ቢተረጕሙት፥ ጸሐፊው አንድ ገጽ ጽፎ ሳለ አንባብያን ሁለት ዓይነት ገጽ ያያሉ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ የደረሰውም ይኸው ነበር። ድሩን የፈለሰፉት ቲም በርነርስ ሊ በ1994 ደንብ የሚያወጣ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም የገጽን መልክ የሚወስነውን፥ ሲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ደንብ በ1996 አወጣ። ነገር ግን ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት በገበያ ይሽቀዳደሙ ነበርና፥ ሁለቱም በየመንገዳቸው ሄዱ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሳጥን ስፋቱ 100፥ በግራና በቀኝ ያለው ክፍት ቦታ 10፥ 10፥ ጠርዙም 5፥ 5 ይሁን ተብሎ ቢታዘዝ፥ በደንቡ መሠረት ከዳር እስከ ዳር 130 ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ጠርዙንም ክፍቱንም ከ100 ውስጥ ይቈጥር ነበር።

ስሕተቱን በአንድ ቀን ማረም ቀላል አልነበረም፤ በስሕተቱ ልክ ተሰፍተው የተሠሩ ብዙ ገጾች ይበላሹ ነበርና። በ2000 የወጣው የማኪንቶሽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ለዚህ ችግር አንድ ብልሃት ይዞ መጣ፤ የሥራው መሪ ታንቴክ ቼሊክ ነበሩ። በገጹ ራስ ላይ ዶክታይፕ የምትባል ተገቢ መስመር ተጽፋ ከተገኘች፥ ብሮውዘሩ ገጹን በደንቡ ያነበዋል፤ መስመሯ ከሌለች ግን የቀድሞ ዘመን ሥራ ነው ብሎ በቀድሞው ልማድ ያነበዋል። ፊተኛው ስታንዳርድስ ሞድ፥ ኋለኛው ኳርክስ ሞድ ይባላል። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጀምሩ «ይድረስ» ብለው ለማን እንደ ተላከ እንደሚያስታውቁ፥ ዶክታይፕም ገጹ በየትኛው ሥርዓት እንዲነበብ ታስታውቃለች። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 ተሰናብቷል፤ ብልሃቱ ግን በዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ይኖራል።

«ይህ የፈረንጆች ጣጣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም ግን የራሳችን ጣጣ ነበረን። በዚያው በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁ ባለሙያዎች ለየፊደሉ የሚሰጡት ቍጥር እርስ በርሱ አይስማማም ነበር። በአንዱ መጻፊያ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። በ1999 ግን ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል፥ ለቍጥሩና ለነጥቡ 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር ኮምፒዩተር አንድ ቍጥር አላት።

ይሁን እንጂ ደንብ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚያከብረው ያስፈልጋል። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ገጹ ይህን ካላስታወቀ፥ በአንዲት ፊደል ፋንታ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ሊታዩ ይችላሉ። ዛሬ እንደ ጃንጎና እንደ ሪአክት ያሉት የድረ ገጽ መሥሪያዎች የሠራተኛውን ድካም እጅግ አቃለውለታል። ሆኖም ሠራተኛው ቸል ብሎ አንድ የስሕተት መልእክት ከዶክታይፕ በፊት ቢወጣበት፥ አዲስ የተሠራው ገጽ በአሮጌው ልማድ ይነበባል።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያነሣሣኝ የቤታችን ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ በኢንተርኔት ሞልተው ነበር። ታትሞ በወጣው ወረቀት ላይ በስማቸውና በአያቴ ስም ፋንታ የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ተገኙ። አባቴ ስማቸውን ለማስመለስ ከዘነበወርቅ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻም እንደ ገና እንዲሞሉ ተነገራቸው። መምህራችንን ብጠይቃቸው፥ እንግዳ ምልክት የሆነ ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል፥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን ፊደሉ ስለ ተጣለ ከዚያ መዝገብ እንደማይገኝ አስረዱኝ። መዝገቡን የሠራው ሰው ክፉ አልነበረም ይሆናል፤ ነገር ግን ደንቡን ቸል በማለቱ ሁለት ትውልድ ከወረቀት ላይ ተፋቀ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የጋራ ደንብ ደካማውን ይጠብቃል፤ ትልቁ ነጋዴ ያለ ደንብም ገጹን ያስነብባል፥ ትንሹ ቋንቋ ግን ያለ ደንብ ድምፁ አይሰማም። ሁለተኛ፥ አዲስ ደንብ ያወጡት ሰዎች አሮጌዎቹን ገጾች አልጣሉም፤ በልማዳቸው የሚነበቡበትን በር ተዉላቸው እንጂ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንለያይ ተማሪዎች፥ ነገ ይህን ሙያ የምንይዝ ብንሆን፥ የመጀመሪያዋን መስመር ሳንጽፍ ሥራ አንጀምር፤ ከእርስዋ በታች የሰው ስም ይቀመጣልና።